ከጓደኞች ጋር፣ በጀርባ ቦርሳ፦ ከባንኮክ እስከ ሲንጋፖር

ከባንኮክ ተነስቶ፣ በባቡርና በጀልባ ደሴቶቹን አዳርሶ፣ በማሌዥያ በኩል ሲንጋፖር መድረስ የሦስት ሳምንት ጉዞ ነው። መንገዱ የተጠረገ ነው። የጀርባ ቦርሳ ያነገቱ ወጣቶች ከየአገሩ ለብዙ ዓመታት ተመላልሰውበታል። ሆስቴሉም፣ ትኬት ቆራጩም፣ ጀልባውም ለእነሱ የተሰናዳ ነው። ጓደኛሞችን የሚያጣላው ሌላ ነው፦ ማን ከፈለ፣ ማን አረፈደ፣ ዛሬ የት እንሂድ። ስለዚህ ይህን መመሪያ ከመነሻችሁ ቢያንስ ሁለት ወር ቀደም ብላችሁ አንድ ላይ አንብቡት። አራት ሰው ጥሩ ቁጥር ነው። ከአራት ካለፋችሁ አንድ ታክሲ አይበቃችሁም፤ ምሳ የት ይበላ የሚለውም ራሱን የቻለ ስብሰባ ይሆናል።

1. ወቅቱን ምረጡ፤ ደሴቱ ከዚያ ይከተላል

ታይላንድ በሁለት በኩል ባሕር አላት። በምዕራብ የአንዳማን ባሕር ነው፦ ፉኬት፣ ክራቢ፣ ፒፒ፣ ኮ ላንታ። በምሥራቅ የታይላንድ ባሕረ ሰላጤ ነው፦ ኮ ሳሙይ፣ ኮ ፋንጋን፣ ኮ ታኦ። ዝናባቸው አንድ ላይ አይመጣም። የአንዳማን በኩል በግምት ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘንብበታል። ባሕረ ሰላጤው ደግሞ የሚከፋበት ኅዳር አካባቢ ነው።

እንግዲህ ትምህርት ተዘግቶ በሐምሌና በነሐሴ የምትሄዱ ከሆነ ወደ ኮ ታኦና ኮ ፋንጋን ሂዱ። ለፈረንጆች ገና ዕረፍት ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የምትመጡ ከሆነ ክራቢንና ላንታን ምረጡ። ከጥር መጨረሻ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ይህን ሳያዩ ትኬት የሚቆርጡ ሰዎች ብዙ ናቸው። ባሕሩ ሲናወጥ ጀልባ ይሰረዛል፤ ሆስቴል ውስጥ ተቀምጦ ዝናብ ማየት ይሆናል።

ሚያዝያ ላይ ሶንግክራን አለ፤ የታይላንድ አዲስ ዓመት ነው፣ ከኤፕሪል 13 እስከ 15። አገሩ በሙሉ ውሃ ይራጫል፣ በጣም ደስ ይላል። ግን ሕዝቡ ሁሉ ወደ ትውልድ ቦታው ስለሚጓዝ የባቡር ቦታ ቀድሞ ያልቃል።

2. ቦታ ቀንሱ

አንድ ሰው ባሊ ይላል፣ ሌላው ቬትናም፣ ሌላው አንግኮር ዋት። በሦስት ሳምንት ሁሉንም ልያዝ ያለ ቡድን ጊዜውን በአየር ማረፊያና በአውቶቡስ ጣቢያ ይጨርሳል። ከቦታ ወደ ቦታ መሄድ በካርታ ላይ አምስት ሰዓት ቢመስልም ከነመጠበቁ አንድ ሙሉ ቀን ይበላል። እኔ የምመክረው ይህን ነው፦ ባንኮክ አራት ሌሊት፣ አንድ ወይም ሁለት ደሴት በድምሩ ስምንት ሌሊት፣ ፔናንግ ሦስት፣ ኳላ ላምፑር ሁለት፣ ሲንጋፖር ሁለት። የቀረው ለመንገድና ለድካም ይሁን። የትም ቦታ ከሁለት ሌሊት በታች አትደሩ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ባንኮክም ወደ ሲንጋፖርም ስለሚበር በአንዱ ገብቶ በሌላው መውጣት ይቻላል። ዙሪያ ጥምጥም ተመልሶ ባንኮክ ከመሄድ ያድናል።

3. ወረቀቱ ላይ አትቸኩሉ

በአንድ ቡድን ውስጥ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ፣ የአሜሪካ የያዘ፣ የእስራኤል የያዘ ሊኖር ይችላል። የአጎት ልጅ ከዲሲ መጥቶ አብሮ ሲሄድ የተለመደ ነው። የእሱ ፓስፖርት ያለ ቪዛ የሚያስገባበት አገር ለእናንተ የሳምንታት ጣጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዕቅዱን በጣም ጥብቅ ቪዛ በሚጠየቀው ሰው ልክ ሥሩ። ሕጉ ቶሎ ቶሎ ይለወጣልና የየአገሩን የኢሚግሬሽን ድረ ገጽ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት እዩ። የጓደኛ ወሬ አይበቃም። የማሌዥያ ቪዛ ካልተሳካ ከደቡብ ታይላንድ ወይም ከባንኮክ በቀጥታ ወደ ሲንጋፖር በርራችሁ ዕቅዱን ማዳን ትችላላችሁ።

ከዚያ የሚቀጥሉት፦

ፓስፖርቱ ከመግቢያችሁ ቀን ጀምሮ ቢያንስ ስድስት ወር ይቅረው።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያዙ። ኢትዮጵያ ቢጫ ወባ አለባቸው ከሚባሉት አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች ከዚህ የሚነሳ ሰው ቢጫ ካርዱን ይጠየቃል። ክትባቱ ከመግቢያችሁ ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ መወሰድ አለበት። አንዴ የተከተበ ሰው ድጋሚ አያስፈልገውም፤ ካርዱን ግን አትጣሉ።

ታይላንድ፣ ማሌዥያና ሲንጋፖር ሦስቱም በኢንተርኔት የሚሞላ የመግቢያ ካርድ አላቸው። ሦስቱም በነፃ ነው፤ ከመድረሻችሁ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ ይሞላል። ፍለጋ ላይ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ ገጽ ገንዘብ ከጠየቃችሁ ትክክለኛው ገጽ አይደለም፤ ዝጉት።

የመመለሻ ትኬት፣ የመጀመሪያ ሌሊቶች የሆቴል ማረጋገጫና ጥሬ ገንዘብ በእጅ ይኑር። ታይላንድ መግቢያ ላይ በአንድ ሰው እስከ 20,000 ባት የሚመጣጠን ገንዘብ አሳዩ ሊባል ይችላል። ሁሉንም አትመው ያዙ፤ ስልክ ባትሪ ሲዘጋ ምንም አይጠቅምም።

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። ባንኮክ ለሚደርሱ ወጣት ኢትዮጵያውያን የኢሚግሬሽን ጥያቄ ጠንከር ሊል ይችላል፤ ምክንያትም አለው። «ታይላንድ ውስጥ የኮምፒውተር ሥራ፣ ጥሩ ደመወዝ» ተብለው የመጡ ብዙ ልጆች ደላሎች ሜ ሶት በምትባለው የድንበር ከተማ በኩል አሻግረዋቸው ምያንማር ውስጥ የኢንተርኔት ማጭበርበሪያ ካምፕ ገብተዋል። በየካቲት 2017፣ በፈረንጆቹ 2025 መጀመሪያ፣ ድንበሩ ማዶ ካለችው የምያንማር ከተማ ማያዋዲ ወጥተው ለታይላንድ ጦር ከተሰጡት 260 ገደማ ሰዎች ከግማሽ በላይ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። እናንተ ለሽርሽር ነው የምትሄዱት። ሲጠይቋችሁ በእርጋታ መልሱ፣ ዕቅዳችሁን አሳዩ። በመንገድ ላይ ሥራ አለ የሚል ሰው ካገኛችሁ፣ ሐበሻም ቢሆን፣ አብራችሁት የትም አትሂዱ።

ሌላው የሰው ዕቃ ነው። «እባክህ ይህችን ቦርሳ አድርስልኝ» ማለት በኛ ዘንድ የተለመደ ነው፤ እምቢ ማለትም ያሳፍራል። እዚህ ግን እምቢ በሉ። በሲንጋፖርና በማሌዥያ ዕፅ ማዘዋወር በሞት ያስቀጣል። ጫትም በፍጹም አትያዙ። ከመካከላችሁ አንዱ ዕቃ ተቀብሎ ከመጣ ቡድኑ በሙሉ ከመሄዱ በፊት ይወቀውና ይመለስ።

4. የጋራውን ኪስ አቋቁሙ

እኔ ከሁሉም በላይ የምከራከርለት ነገር ይህ ነው። ሐበሻ ሂሳብ ሲመጣ «እኔ ልክፈል፣ ሞቼ እገኛለሁ» ይባባላል። ለአንድ ምሽት ደስ ይላል። ለሦስት ሳምንት ግን አይሆንም። አንዱ ታክሲውን ይከፍላል፣ ሌላው ምሳውን፣ ሦስተኛው ውሃና ጀልባውን። ማንም አይጽፈውም፣ ማንም ለመጠየቅ አይደፍርም። በአሥረኛው ቀን አንዱ ዝም ይላል። ዝም ያለው ምን ሆኖ እንደሆነ ሌሎቹ አይገባቸውም።

ስለዚህ እንደ እቁብ አድርጉት። በየሁለት ቀኑ ሁሉም እኩል ያዋጣል፣ ለምሳሌ እያንዳንዱ 1,000 ባት። ገንዘቡ ለብቻው በተለየ ትንሽ ቦርሳ ይቀመጣል። አንድ ገንዘብ ያዥ ይኖራል፤ በየከተማው ይቀያየራል። ከጋራው የሚከፈለው ታክሲ፣ አብረው የተበላ ምግብ፣ ውሃና የመርከብ ትኬት ነው። ቢራ፣ ማሳጅ፣ ልብስና ዳይቪንግ (አየር ተሸክሞ ባሕር ውስጥ መጥለቅ) በየግል ነው። ይህን ድንበር ከቤት ሳትወጡ ጻፉት። የማይጠጣ ሰው የሰው ቢራ አይክፈል፤ የሚጾም ሰው የሽሪምፕ ሂሳብ አይካፈል።

የሆቴልና የአውሮፕላን ዓይነት ትልልቅ ክፍያዎችን ስልክ ላይ እንደ ስፕሊትዋይዝ ባለ መተግበሪያ መዝግቡ። በየሳምንቱ መጨረሻ ሂሳቡ ይዘጋ፤ ዕዳ ከአንድ ሳምንት በላይ አይደር።

በጀቱን የሚወስነው ደግሞ ኪሱ በጣም የሳሳው ጓደኛ ነው። ይህን ሰው በቡድን መካከል አትጠይቁት። ከእናንተ አንዱ ለብቻው ያናግረው፤ የሚችለው ያ ከሆነ የጋራው በጀት ያ ይሁን። ተጨማሪ ያለው ሰው በግሉ ያውጣ። ታይላንድ ውስጥ ዶርም የሚያድር፣ መንገድ ዳር የሚበላ ሰው በቀን ከ1,000 እስከ 1,500 ባት ባለው ይንቀሳቀሳል። የመንገድ ዳር ምግብ ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 80 ባት ነው። ሲንጋፖር ኪስ ትጎዳለች፤ ለእሷ ለይታችሁ አስቀምጡ።

ስለ ጥሬ ገንዘብ ሁለት ነገር። የታይላንድ ኤቲኤም ከውጭ ካርድ በእያንዳንዱ ጊዜ ከ200 ባት በላይ ይቆርጣል። በትንሽ በትንሹ ከማውጣት አንዴ ብዙ ማውጣት ይሻላል። ማሽኑ ሂሳቡን በራሳችሁ አገር ገንዘብ ልቀይርላችሁ ብሎ ሲጠይቅ እምቢ በሉ፤ በባት ይቁረጥ። ከአዲስ አበባ ዶላር የምትይዙ ከሆነ ያልታጠፈና ያልተጻፈበት ባለ 50ና ባለ 100 ምረጡ። መንዛሪዎች ለትንንሾቹ ኖቶች ዝቅ ያለ ዋጋ ይሰጣሉ።

5. ቦርሳው

40 ሊትር ይበቃል። የአካባቢው ርካሽ አየር መንገዶች፣ ለምሳሌ ኤርኤዥያ፣ ያለ ክፍያ የሚፈቅዱት 7 ኪሎ ነው። አራት ካናቴራ፣ ሁለት ሱሪ፣ አንድ ጉልበት የሚሸፍን ቁምጣ፣ የሚታጠብ ሰንደል፣ የዝናብ ልብስ። ልብስ ማጠቢያ ቤት በየመንደሩ አለ፤ በኪሎ ይታጠባል። ሴቶችም ወንዶችም አንድ ነጠላ ያዙ። ቤተ መቅደስ ሲገባ ትከሻ ይሸፍናል፣ ባቡር ላይ ብርድ ልብስ ይሆናል፣ ባሕር ዳር ይነጠፋል። ፓራሲታሞል፣ ለተቅማጥ በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት (ኦአርኤስ)ና የትንኝ መከላከያ ቅባት አይቅር።

6. ባንኮክ

ከሱቫርናብሁሚ አየር ማረፊያ ስትወጡ ታክሲ ነጂዎቹን አልፋችሁ ወደ ታች ውረዱ፤ የከተማው ባቡር እዚያ ነው። ማካሳን ላይ ወርዳችሁ ወደ ሰማያዊው የምድር ባቡር ትቀይራላችሁ። ብዙ ሰው ካኦ ሳን መንገድ ማረፍ አለበት ብሎ ያስባል። ስሙ የገነነ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ግን ሙዚቃ አይቆምም፤ ባቡርም በቅርብ የለም። እኔ የቻይናዎቹን ሰፈር፣ ያዋራትን፣ እመርጣለሁ። የምድር ባቡሩ በሰማያዊው መስመር ይደርሳል፤ በዚያው መስመር ሳትቀይሩ የደቡቡ የሌሊት ባቡር መነሻ ትደርሳላችሁ። ማታ ማታ ደግሞ መንገዱ በሙሉ ምግብ ነው።

ታላቁን ቤተ መንግሥት ጠዋት 8:30 ሲከፈት ግቡ፤ መግቢያው 500 ባት ነው። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ነው። በር ላይ ወይም መንገድ ላይ ጥሩ ልብስ የለበሰ ትሁት ሰው «ዛሬ ዝግ ነው፣ በዓል ነው» ካላችሁ አትመኑት። ቀጥሎ የሚመጣው በርካሽ የሚያዞራችሁ ቱክ ቱክ ነው፤ መጨረሻው የከበረ ድንጋይ ሱቅ ነው። ይህ ከብዙ ዓመት ጀምሮ ያለ ማጭበርበር ነው። ሰውየውን አመስግናችሁ ወደ በሩ ቀጥሉ። ከዚያ ዋት ፖ ገብታችሁ 46 ሜትር የሚረዝመውን ጋደም ያለ ቡድሃ እዩ። በቻኦ ፕራያ ወንዝ ላይ የምትሻገረው ጀልባ በጥቂት ባት ዋት አሩን ታደርሳችኋለች። ቤተ መቅደስ ስትገቡ ጫማ ይወልቃል። እግራችሁን ወደ ቡድሃው አትዘርጉ። ሴቶች መነኩሴ አይነኩም። ንጉሡን የሚነካ ቀልድም ቃልም ከአፋችሁ አይውጣ፤ እስር ያስከትላል።

ለጿሚ ሰው አንድ የምሥራች አለ። ቢጫ መደብ ላይ በቀይ የተጻፈ ትንሽ ባንዲራ የሰቀለ ምግብ ቤት ፈልጉ። «ጄ» የሚባለው ምግብ ነው። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተትና ዓሣ የለበትም፤ ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም። «ኪን ጄ» ካላችሁ ይገባቸዋል። ተራ የአትክልት ምግብ ያዘዛችሁ እንደሆነ ግን ናም ፕላ የሚባል የዓሣ መረቅ ውስጥ መግባቱ አይቀርም። ሙስሊም ለሆነው ጓደኛችሁ ደቡብ ታይላንድና ማሌዥያ ምቹ ናቸው፤ የሐላል ምልክት በየቦታው አለ።

የቧንቧ ውሃ አትጠጡ። በየሰፈሩ የውሃ መሸጫ ማሽን አለ፤ በጠርሙሳችሁ ትሞላላችሁ፣ አንድ ሊትር አንድ ባት ገደማ ነው።

7. የሌሊቱ ባቡር

የረጅም መንገድ ባቡሮች አሁን የሚነሱት ባንግ ሱ ካለው ክሩንግ ቴፕ አፊዋት ጣቢያ ነው። ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ነው የተዛወሩት። አሮጌ ጽሑፍ አንብቦ ሁዋ ላምፎንግ የሚሄድ ሰው ባቡሩ ያመልጠዋል። ሁለተኛ ማዕረግ፣ አየር ማቀዝቀዣ ያለው፣ መኝታ ቁረጡ። የታችኛው አልጋ ሰፋ ይላል፣ መስኮትም አለው፤ ልዩነቱ ትንሽ ገንዘብ ነው። የላይኛው ጠባብ ነው፣ የመብራቱም ብርሃን ሌሊቱን ሙሉ ይመጣል። ከመካከላችሁ ረጅሙን ሰው ታች አስተኙት።

ባቡሩ ከተነሳ በኋላ አስተናጋጁ ይመጣል። ፊት ለፊት የነበሩትን ሁለት መቀመጫዎች በአንድ ጊዜ ስቦ አልጋ ያደርጋቸዋል፤ የላይኛውን ከግድግዳው ያወርዳል። ነጭ አንሶላ ይዘረጋል፣ መጋረጃ ይሰቅላል፣ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። ማቀዝቀዣው በጣም ይበርዳል፤ ካልሲና ነጠላ ከቦርሳ አውጥታችሁ ተኙ። ፓስፖርትና ገንዘብ ትራስ ሥር ይሁን።

ሰዓትን በተመለከተ በቡድኑ ውስጥ አንድ ብቻ ተጠቀሙ፤ እሱም የ24 ሰዓቱ አቆጣጠር ይሁን። «በሁለት ሰዓት እንገናኝ» ብላችሁ አንዱ ጠዋት፣ ሌላው ከሰዓት በኋላ እንዳይመጣ። ሌሊት 00:30 የሚነሳ አውሮፕላን የየትኛው ቀን እንደሆነ ሁለት ሰው ያረጋግጥ። ታይላንዶች ራሳቸው ዓመቱን በቡድሃ አቆጣጠር ስለሚጽፉ 2568 የሚል ቀን ብታዩ አትደንግጡ፤ 543 ቀንሱበት።

ለኮ ታኦ ቹምፎን ላይ ውረዱ። ለሳሙይና ለፋንጋን ሱራት ታኒ ይሻላል። ከጣቢያው እስከ ወደቡ የጀልባ ኩባንያው አውቶቡስ አለ፤ ትኬቱን አንድ ላይ ግዙ። ወደቡ ላይ ደረታችሁ ላይ ባለቀለም ወረቀት ይለጥፉባችኋል፤ የምትወርዱበት ደሴት ምልክት ነው። አትላጡት። ቦርሳችሁም ተመሳሳይ ምልክት እንደተለጠፈበት እዩ፤ ጀልባው በየደሴቱ እየቆመ ስለሚሄድ ቦርሳ ሌላ ቦታ ይወርዳል።

8. ደሴት ላይ

አብዛኞቻችን ባሕር ስለሌለን ዋና ሳንማር ነው ያደግነው። ይህን ሳያፍሩ መናገር ያስፈልጋል። ከመሄዳችሁ በፊት ያሉትን ሁለት ወራት ለመዋኛ ተጠቀሙባቸው። አዲስ አበባ ውስጥ መዋኛ ያላቸው ሆቴሎች አሉ። ቡድኑ ውስጥ የማይዋኘው ማን እንደሆነ ሁሉም ይወቅ። ለስኖርክል (በቱቦ እየተነፈሱ ከላይ ሆኖ ባሕሩን ለማየት) በጀልባ ስትወጡ ላይፍ ጃኬቱ ከተነሳችሁ እስክትመለሱ አይውለቅ። ቀይ ባንዲራ ባለበት ዳር ጉልበት ድረስ እንኳ አትግቡ፤ ማዕበሉ ወደ ውስጥ ይስባል። ከሳባችሁ ከማዕበሉ ጋር አትታገሉ። ከባሕሩ ዳር ጎን ለጎን ወደ አንድ በኩል ዋኙ፣ እጃችሁን አንስታችሁ ተጣሩ።

አንዳንድ የኮ ፋንጋንና የኮ ሳሙይ ዳርቻዎች ላይ ኮምጣጤ ያለበት ጠርሙስ ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሎ ታገኛላችሁ። ለጄሊፊሽ ነው። የተነደፈውን ቦታ በእሱ እጠቡት፣ በአሸዋ አትሹት፣ ወዲያው ወደ ክሊኒክ።

ኮ ታኦ ዳይቪንግ በርካሽ ከሚማሩባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። የመጀመሪያው ደረጃ ኮርስ ሦስት ወይም አራት ቀን ይፈጃል፤ 10,000 ባት አካባቢና ከዚያም በላይ ያስከፍላል። የሚፈቅድላችሁ እስከ 18 ሜትር ጥልቀት ነው። 200 ሜትር መዋኘትና 10 ደቂቃ ውሃ ላይ መንሳፈፍ ይጠየቃል። ከጠለቃችሁ በኋላ ለ18 ሰዓት አውሮፕላን አትሳፈሩ። ኮርሱን የማይወስዱት ጓደኞች በእነዚያ ቀናት ምን እንደሚሠሩ ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

የፋንጋን የሙሉ ጨረቃ ጭፈራ ሃድ ሪን ላይ ነው። የምትሄዱ ከሆነ ለሌሊቱ አልጋ ቀድማችሁ ያዙ፣ መጠጣችሁን ከእጃችሁ አትልቀቁ፣ የመመለሻ ሰዓትና የመገናኛ ቦታ ወስኑ። ባዶ እግር አትሂዱ፤ አሸዋው የጠርሙስ ስባሪ አለው።

ሞተር ብስክሌት። አብዛኛው የደሴት አደጋ የሚመጣው ከዚህ ነው። መኪና የሚነዳው በግራ ነው፣ መንገዱ ቁልቁለትና አሸዋ ይበዛበታል። የሞተር ምድብ ያለበት ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ከሌላችሁ የጉዞ ኢንሹራንስ አይከፍልም። ፓስፖርት መያዣ አትስጡ፤ ጥሬ ገንዘብ ወይም ኮፒ ስጡ። ከመውሰዳችሁ በፊት የተፋቀውን ሁሉ በቪዲዮ ቅረጹ። መንዳት የማይችል ሰው ደሴት ላይ ልማር አይበል። ከኋላው ሁለት አግዳሚ ወንበር ያለው ፒካፕ፣ ሶንግታው የሚሉት፣ በርካሽ ያደርሳል።

ወደ ክራቢ ከዞራችሁ ራይሌይ በመኪና አይገባም፤ ከአው ናንግ ረጅሟ የእንጨት ጀልባ ትወስዳችኋለች። ሰው እስኪሞላ ትጠብቃለች። የፒፒዋ ማያ ቤይ ከ2018 ተዘግታ በ2022 መጀመሪያ ተከፍታለች። አሁን እዚያ መዋኘት አይፈቀድም፣ በየዓመቱም በኦገስትና በሴፕቴምበር ትዘጋለች። ኮረሉ እንዲያገግም ነው። ደስ ብሏችሁ አክብሩት።

9. መለያየትም ከዕቅዱ ውስጥ ይሁን

በየሦስት ቀኑ አንድ ነፃ ቀን አድርጉ። በዚያ ቀን ማንም ለማንም አይመልስም። የሚተኛው ይተኛል፣ ሙዚየም የሚወደው ይሄዳል፣ ሌላው ባሕር ዳር ይውላል። ማታ 19:00 እራት ላይ ትገናኛላችሁ። ያልመጣ ሰው ካለ ይደወላል፤ በ21:00 ካልተገኘ ሆስቴሉ ይነገረዋል። ሁለት ሁለት ሆኖ መሄድ ለምሽት ግዴታ ይሁን።

ሆስቴል ውስጥ ሌሎች መንገደኞች ታገኛላችሁ። አማርኛ ብቻ እያወሩ በራስ ክበብ መቀመጥ ያሳዝናል። ቡና ይዛችሁ ከሆነ አፍሉ፤ በዚህ የማይቀርብ ሰው የለም። ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚወርዱትና ከደቡብ የሚወጡት እዚያ ይገናኛሉ። የትኛው ጀልባ ተሰረዘ፣ የትኛው ሆስቴል ትኋን አለው የሚለውን ከማንም ቀድመው ያውቃሉ። ከእነሱ ጋር ለቀን ጉዞ መኪና መካፈልም ወጪ ይቀንሳል። ፓስፖርትና ገንዘብ ግን ለማንም አደራ አይሰጥም።

10. ድንበሩና ከተሞቹ

ከሃት ያይ አጭር ባቡር ይዛችሁ ፓዳንግ በሳር ትደርሳላችሁ። የሁለቱም አገር ኢሚግሬሽን አንድ ጣቢያ ውስጥ ነው። እዚያ ሰዓታችሁን አንድ ሰዓት ወደፊት አድርጉ፤ ማሌዥያና ሲንጋፖር ከታይላንድ ይቀድማሉ። ወደ ያላ፣ ፓታኒና ናራቲዋት አትጠምዘዙ፤ እነዚያ አውራጃዎች ግጭት ያለባቸው ናቸው።

በባቡር እስከ በተርወርዝ ቀጥሉ፤ ከዚያ ፌሪ ተሳፍራችሁ የፔናንግ ዋና ከተማ ጆርጅ ታውን ግቡ። ከተማዋ ከመላካ ጋር በ2008 በዩኔስኮ ተመዝግባለች። እዚህ ሥራችሁ መብላት ነው። አንዱ ቻር ኩዌ ቲያው ያምጣ፣ ሌላው ላክሳ፣ ሌላው ናሲ ካንዳር፤ መሐል ላይ አድርጋችሁ ተካፈሉ። እንደኛ አብሮ መብላት ለለመደ ሰው ከዚህ የሚሻል ከተማ የለም።

ኳላ ላምፑር በባቡር አራት ሰዓት ገደማ ነው። 452 ሜትር የሚረዝሙትን የፔትሮናስ መንትያ ሕንፃዎች ከሥራቸው ካለው መናፈሻ በነፃ እዩ፤ ማታ ይበልጣል። ባቱ ዋሻዎች 272 ደረጃ አላቸው። ጠዋት ሳይሞቅ ውጡ፣ ምግብ በእጃችሁ አትያዙ፤ ጦጣዎቹ ይነጥቃሉ።

ወደ ሲንጋፖር በአውቶቡስ ስትሻገሩ በሁለቱም ኬላ ከነቦርሳችሁ ትወርዳላችሁ። የአውቶቡሱን ታርጋ ፎቶ አንሱ። ብዙ ተመሳሳይ አውቶቡስ አለ፣ ሁሉም አይጠብቅም። ማስቲካና ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ይዛችሁ አትግቡ። ከተማው ውስጥ የባንክ ካርዳችሁን በር ላይ አስነክታችሁ ባቡር ትሳፈራላችሁ። የሚበላው ብዙ ምግብ ሻጮች አንድ ጣሪያ ሥር በተሰበሰቡባቸው ሆከር ማዕከሎች ነው፤ ማክስዌል አንዱ ነው። ጋርደንስ ባይ ዘ ቤይ በሚባለው መናፈሻ ያሉት ግዙፍ ሰው ሠራሽ ዛፎች የብርሃን ትርኢት በየምሽቱ 19:45ና 20:45 ላይ ነው፣ ክፍያ የለውም። የቧንቧ ውሃው ይጠጣል።

11. ከመሳፈራችሁ በፊትና ከተመለሳችሁ በኋላ

የመጨረሻዋን ምሽት ለሂሳብ ስጡ። የጋራው ቦርሳ ይቆጠር፣ የቀረው ይከፈል፣ መተግበሪያው ላይ የሁሉም ዕዳ ዜሮ ይሁን። ፎቶዎቹን በዚያው ምሽት ተለዋወጡ።

ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ትኩሳት፣ ከዓይን ጀርባ የሚሰማ ራስ ምታት ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ከመጣ ወባ ነው ብላችሁ ብቻ አትለፉት። ዴንጊ በነዚህ አገሮች አለ፤ የምታስተላልፈው ትንኝ ቀን ቀን ነው የምትነድፈው። ለሐኪሙ የት እንደነበራችሁ ንገሩት። ምርመራው እስኪታወቅ ፓራሲታሞል ብቻ ውሰዱ፤ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን መድማትን ያባብሳሉ። ለቀሩት ጓደኞችም ደውሉ፤ አብራችሁ ነበርና እነሱም ራሳቸውን ይከታተሉ።